የሄርሜላ ሁለት እጆች

ሄርሜላ ኤምሬትስን ለቃ ሄደች። ባሏን መሥሪያ ቤቱ ወደ ሲንጋፖር ስላዛወረው ቤተሰቡ ጠቅልሎ ወጣ። ወሬውን የሰማሁት እንደ ሁላችንም ከእናቶች የስልክ ግሩፓችን ነው። በግሩፑ ምክትሏ የሆነችው ፌቨን በሚያለቅሱ ፊቶች የታጀበ ረጅም ጽሑፍ ለጠፈችና መጨረሻው ላይ «ውድ እናቶች፣ ለሄርሚያችን የስንብት ቪዲዮ እየሠራን ነው። እያንዳንዳችሁ ስለ እሷ የማትረሱትን ነገር በድምፅ ላኩልን» አለች።

የማልረሳውማ ሞልቶኛል። አነጋገሯን፣ አለባበሷን፣ ከጸጉሯ ሥር ያለችውን የልጅነት ጠባሳ ሳይቀር አስታውሳለሁ። ሰው የማይረሳው የሚወደውን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ እኔ ሄርሜላን አልወዳትም። ለቪዲዮው የላክሁት አጭር ድምፅ ነው፤ ያስከተለውን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። ሙሉውን ግን እዚህ ልጻፈው።

ግሩፑ «እናትነት በኤምሬትስ» ይባላል። በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን የምንኖር ሐበሻ እናቶች የተሰባሰብንበት ነው። ማዳም ቤት በቀን የምትሠራ አለች፣ ቢሮ የምታጸዳ አለች፣ ካሸር አለች፣ እንደ እኔ የሴቶች ጸጉር ቤት የምትሠራም አለች። ልጅ ሲያተኩሰው፣ ጡት አልመጣ ሲል፣ ጥርስ ሲያስቸግር የምንጮኸው እዚያ ነበር። ያቋቋመችው ሄርሜላ ናት። እውነቱን ለመናገር ለትኩሳትና ለተቅማጥ ጎበዝ ነበረች። ማንኛዋም ብትጠይቃት ትመልሳለች፣ በማግስቱም ልጁ እንዴት እንዳደረ ሳትጠይቅ አትቀርም። ይኼን ብደብቅ እኔም እንደ እሷ እሆናለሁ።

ድምፅ ነበር የምትልከው እንጂ ብዙ አትጽፍም። «ውዶቼ» ብላ ትጀምራለች። ዝግ ያለ፣ እሹሩሩ የሚል ድምፅ ነው፤ ሰምተሽው ሳትጨርሺ ትከሻሽ ይላላል። ከኋላዋ ሁልጊዜ የሕፃን ድምፅ አይጠፋም። ቃላቷን በቃሌ ይዣቸዋለሁ። «እኛ እናቶች» ትላለች፤ «ገዛሁ» ግን አትልም። አዲስ ጋሪ ስታሳየን «ጋሪ ተገኘ»፣ ትልቁን ልጇን ትምህርት ቤት ስታስገባ «ደስ የሚል ትምህርት ቤት ተገኘ»፣ ቤት ሲቀይሩም «ሰፋ ያለ ቤት ተገኘ» ነበር የምትለው። እኛ ለአንድ ጣሳ ወተት የስንቱን ሱቅ ዋጋ ስናወዳድር እሷ መንገድ ላይ ወድቆ የምታገኘው ይመስል ነበር። የት እንደሚገኝ የጠየቃት ግን የለም። በዚያ ግሩፕ ስለ ልጅ ሰገራ መልክ በነፃነት ይወራል፤ «ባልሽ ምን ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ግን ነውር ነበር።

አልፎ አልፎ አርብ አርብ ማምዘር ባሕር ዳር ያለው መናፈሻ እንገናኛለን። ሄርሜላ ተራ የጥጥ ቀሚስ ለብሳ፣ እጅጌውን እስከ መዳፏ አውርዳ ትመጣለች። ከእኛ ጋር ሳሩ ላይ ቁጭ ብላ ያመጣነውን ትበላለች፤ የእኔን ድንች ወጥ ሁለቴ ጨምሪልኝ ብላኛለች። «እኔም እንደ እናንተው ነኝ እኮ» የምትለው አፏን እያበሰች ነው። ቀለበት አታደርግም ነበር፤ ጣቷ ላይ ግን ቀለበት የኖረበት ነጣ ያለ ክብ ምልክት አለ። አንድ ቀን አየሁትና ቀለበቷን ለልጅ ወተት የሸጠች መሰለኝ። ወደ አጅማን በሚመለሰው አውቶቡስ ውስጥ እሷን እያሰብኩ ዓይኔ እንባ ሞላ። አሁን ሳስበው በራሴ እስቃለሁ።

ከሁሉም በላይ የሚወደድላት አንድ ቪዲዮ ነበር። ፊት አይታይም፤ የሚታየው ለሕፃን ገንፎ የሚያበላ እጅ ብቻ ነው። ከአውራ ጣቱ ዝቅ ብሎ፣ አንጓው ላይ፣ አረንጓዴ የመስቀል ንቅሳት አለ። እጁ ገንፎውን በማንኪያ ጫፍ ይቆርሳል፣ በከንፈሩ ዳር የተረፈውን ይጠርጋል፣ ልጁ አፉን ሲያዞር በትዕግሥት ይጠብቃል። ከላይ የሄርሜላ ድምፅ ይሰማል፦ «ሞግዚት የለኝም። ገንዘብም ቢሆን የተረፈኝ ሴት አይደለሁም። ያለኝ ሁለት እጅ ነው። ፍቅር በጀት አይጠይቅም።» ስንት ሴት ልብ እንደሰጠችው አትጠይቁኝ። «የአገር ቤት እጅ!» ይሉ ነበር ንቅሳቱን እያዩ። እኔም ብያለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ፤ ባጭሩ አልፈዋለሁ እንጂ አልዘለውም። ቢቲ የምንላትን ልጄን ቢታንያን የወለድኩት አጅማን፣ አል ኑዓይሚያ ሰፈር እያለን ነው። ባለቤቴ ተሾመ አል ጁርፍ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ሾፌር ነው፤ እኔ ሻርጃ ጸጉር ቤት እሠራለሁ። እዚህ ልጅ የወለደች ሠራተኛ ምን እንደምታደርግ ሁሉም ያውቃል። ልጁ ጥቂት ወራት ሲሞላው ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ተሰጥቶ አያቱ ጋ ያድጋል። እናቴ ደብረ ብርሃን አልጋ አዘጋጅታ፣ ላም ያለው ጎረቤት አነጋግራ እየጠበቀች ነበር። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት ሴት ለፋሲካ ስትሄድ ቢቲን ይዛልኝ ልትሄድ ተስማምተናል። ልጄ አራት ወሯ ነበር።

መሄጃው ሲቃረብ «ልላካት ወይስ ልተው?» ብዬ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። የመለሰችልኝ ሄርሜላ ናት። «ስንዱዬ፣ አትላኪያት። ልጅ ዕቃ አይደለም በሰው እጅ የሚላከው። ሥራ ይመለሳል፣ ይኼ ጊዜ ግን አይመለስም። እኔን እዪኝ፣ ማንም ሳይረዳኝ በሁለት እጄ አይደል የማሳድገው? ከእኔ በምን ታንሻለሽ?» አለችኝ። ሌሎቹ ከሥሩ ልብና የሚጸልይ እጅ ደረደሩ። ፌቨን ደግሞ «ጠንካራ እናት ልጇን አትሰጥም» ብላ ጨመረችበት። እሷም እሑድ እሑድ የልጇን ፎቶ ትለጥፍ ነበር።

ድምፁን ለተሾመ አሰማሁት። እስከ መጨረሻው አዳመጠና «ሴትዮዋ ምን ትሠራለች?» አለኝ።

«ልጆቿን ታሳድጋለች።»

«ባሏስ?»

«እኔ ምን አውቄ?»

«እሱን ሳናውቅ እንዴት እንደ እሷ እንሆናለን? ኸላስ፣ ወስነን ጨርሰናል እኮ፣ ስንዱ።»

አልሰማሁትም። ለልጅህ አታዝንም ብዬ አለቀስኩበት። ጉዞው ቀረ፣ ሥራዬን ተውኩ። ቪዛዬ በጸጉር ቤቱ ስም ስለነበር እሱም አብሮ ተሰረዘ። የተሾመ ደሞዝ የቤተሰብ ቪዛ ለማውጣት አይበቃም። ክፍላችንን ለቀን ከሌሎች ጋር የምንጋራው አፓርታማ ውስጥ በጣውላ የተከፈለች ፓርቲሽን ገባን። የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩት ጎረቤቶቻችን ቀን ነው የሚተኙት። ቢቲ ስታለቅስ ጣውላውን ይደበድቡታል፤ «አንቺ፣ ልጅሽን ዝም አሰኚያት፣ እኛ ሹግል አለብን፣ ማታ ሥራ ገቢ ነን!» እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ልጄን አዝዬ ቀኑን ሙሉ ከገበያ አዳራሽ ወደ ገበያ አዳራሽ እዞራለሁ። አየር ማቀዝቀዣ ያለበት ወንበር ካገኘሁ እቀመጣለሁ፤ ዘበኛው ሲያየኝ እነሳለሁ። ቢቲ መራመድ የተማረችው የገበያ አዳራሽ ወለል ላይ ነው። ግሩፑ ላይ ይኼን ስናገር ሄርሜላ «ልጅን ከቤት ማውጣት በጣም ጥሩ ነው ውዴ» አለችኝ።

እንዲህ አድርገን ከዓመት በላይ ገፋን። በመጨረሻ ጸጉር ቤቱ መልሶ ሊቀጥረኝ ተስማማ፤ ቀኑን ሙሉ የምሠራ ከሆነ ነው። ሕፃናት ማቆያ የእኛ አቅም አይደለም። እናም የፈራሁት ሆነ፣ ቢቲ ወደ አያቷ ሄደች። ፓስፖርቴ ለአዲሱ ቪዛ ገብቶ ስለነበር ራሴ ላደርሳት እንኳ አልቻልኩም። ያን ጊዜ አራት ወሯ አልነበረም። ትሮጣለች፣ «እማ» ትላለች፣ ሽታዬን ታውቃለች። ሻርጃ አየር ማረፊያ ወሳጇ ሴት ስትቀበለኝ ቢቲ የሻርፔን ጫፍ ይዛ አልለቅም አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቄ ያላቀቅኳት እኔ ነኝ።

ግሩፑ ላይ «ልኬአታለሁ» ብዬ ጻፍኩ። አይዞሽ ያሉኝ ጥቂት ናቸው። ሄርሜላ ለብቻዬ ነው የጻፈችልኝ፦ «አይዞሽ ስንዱዬ። ሁሉም እናት እኩል ጥንካሬ የላትም።» ከዚያ በኋላ ግሩፑ ላይ ትንፍሽ አላልኩም። ወደ ደብረ ብርሃን ስደውል ደግሞ እናቴ «ተኝታለች» ትለኛለች። ከኋላ የቢቲ ሳቅ ይሰማኛል፤ እናቴ ግን ተኝታለች ነው የምትለው።

ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ሄርሜላ ደወለችልኝ። አዲስ አበባ የእህቷ ሠርግ ደርሷል፤ ቤቷ መጥቼ ሹሩባ እንድሠራት ፈለገች። ልጇን ልካ ያፈረች ሴት ለማን ታወራለች ብላ ይሆናል እኔን የመረጠችው። ዱባይ፣ ሚርዲፍ የሰጠችኝ አድራሻ ጋ ስደርስ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር። ግቢው ውስጥ ሁለት መኪና ቆሟል፣ ሾፌሩ አንዱን ያጥባል። በሩን የከፈተችልኝ ሽሮ መልክ ያለው የሠራተኛ ልብስ የለበሰች ሐበሻ ሴት ናት። ከወጥ ቤት በኩል የሌላ ሴት ድምፅና የድስት ኮሽታ ይሰማል። ሄርሜላ ከፎቅ ወረደች። አንገቷ፣ ጆሮዋ፣ ጣቶቿ ወርቅ በወርቅ ናቸው። ነጩ ምልክት ያለበት ጣት ላይ ዓይን የሚወጋ ድንጋይ አለ።

«ማዳም፣ ለልጁ ገንፎውን አሁን ልስጠው?» አለች በሩን የከፈተችልኝ ሴት።

«ስጪው፣ አበባ» አለች ሄርሜላ።

አበባ የውሃ ብርጭቆ ስታቀርብልኝ እጇን አየሁት። አንጓዋ ላይ አረንጓዴ መስቀል አለ። ያን እጅ ከራሴ እጅ ይልቅ አውቀዋለሁ፤ ስንት ጊዜ ነው ያየሁት። ማንኪያውን አንስታ፣ ልጁን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ልክ እንደ ቪዲዮው በከንፈሩ ዳር የተረፈውን ጠረገችለት። ሄርሜላም እጅጌዋን ሰብስባ ወርቋን እያወለቀች ነበር፤ የእሷ አንጓ ላይ ምንም የለም። ብርጭቆውን ሳልጠጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ጭንቅላቷ በእጄ ገባ። በሚዶው ጸጉሯን ስከፍለው ያቺ ጠባሳ ብቅ አለች። መስታወቱ ውስጥ እያየችኝ «ስንዱዬ፣ ያየሽውን ግሩፑ ላይ እንዳታነሺው፣ እሺ?» አለችኝ።

«ለምን?»

«ሰው ይከፋዋል። አንዷ አንዲት አልጋ ተከራይታ ቢድ ስፔስ ውስጥ እያደረች እኔ ሠራተኛ አለኝ ብል ደስ ይላል? ደግሞ ዓይን አለ። ልጆቼን ለሰው ዓይን ማጋለጥ አልወድም። እናቴም ያላትን አሳይታ አታውቅም፣ ጨዋ ሰው እንዲህ ነው።»

«‹ሞግዚት የለኝም› ያልሽውስ?»

«አበባ እኮ እንደ እህቴ ናት፣ ሞግዚት ብዬ አላስባትም።»

«‹በሁለት እጄ› ያልሽውስ?»

ሳቅ አለች። «እሱ ለማበረታታት ነው፣ ውዴ።»

ጸጉሯን ሳብ አድርጌ ጎነጎንኩት። «ኧረ አመመኝ!» አለች።

«ሲያድር ይላላል» አልኳት።

ስሠራት ውስጤ ይቃጠል ነበር። ወርቋን አስቀድማ ብታሳየኝ ኖሮ እቀናለሁ እንጂ አልጎዳም ነበር። «አበባ አለችኝ፣ ምግብ አብሳይ አለችኝ፣ ባሌ ደህና ይከፈለዋል፣ እናንተ ይኼ ከሌላችሁ እኔን አትዩ» ብትለን ምን ይጎድልባት ነበር? ቢቲ በአራት ወሯ ትሄድ ነበር። ምን እንደቀረባት ሳታውቅ አያቷ ደረት ላይ ታድግ ነበር፣ እኔም ሥራዬን ይዤ በየዓመቱ እየሄድኩ አያት ነበር። ይቺ ሴት ሰው እንዳይከፋው ብላ ሀብቷን ደበቀች። እኔ ደግሞ ሀብቷን ስላላየሁ ድህነቴን ድክመቴ ነው ብዬ ተቀበልኩ። በእኛ ዘንድ ያለውን የሚደብቅ ሰው ትሑት ይባላል። እኔ ግን ከእሷ ትሕትና የሚታበይ ሰው ይሻለኝ ነበር።

ስወጣ አበባ እስከ ውጭው በር ሸኘችኝ።

«ልጅ አለሽ?» አልኳት።

«አንድ ወንድ። ወልድያ፣ እናቴ ጋ ነው።»

«እጅሽ ቪዲዮ ላይ እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«የቱ? ገንፎ ሳበላ የቀረጸችኝ?» ብላ መዳፏን ገልበጥ አድርጋ አየችው። «ለቤተሰብ የምትልከው መስሎኝ። ሙሽኪላ አለው እንዴ፣ ችግር ያመጣል?»

«የለውም» አልኳት። ምን ልበላት?

ያን ቀን ያየሁትን ለተሾመ ብቻ ነገርኩት። እሱ «ነግሬሽ አልነበረም?» ብሎ አልተመጻደቀብኝም፤ ሻይ ቀዳልኝ። ለሌላ ሰው ለመናገር አቅሙም ፍላጎቱም አልነበረኝም። ብናገር ማን ያምነኛል? ልጇን ልካ የተናደደች ሴት የምታወራው ወሬ ይባላል።

የስንብቱ ቪዲዮ ናሙና ባይመጣ ኖሮ ዛሬም ዝም እል ነበር። ፌቨን «ሽፋኑ ይኼ ይሁን?» ብላ ምስል ለጠፈች። ያ እጅ ነው፣ ከነመስቀሉ። ከሥሩ በወርቃማ ፊደል «እነዚህ እጆች እናትነትን አስተማሩን» ይላል። ጸጉር ቤት ደንበኛ እየጠበቅሁ ነበር። ተነስቼ የዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ገባሁና ስልኬን ተጭኜ ግሩፑ ላይ ተናገርኩ።

«ስንዱ ነኝ። ያ እጅ የሄርሜላ አይደለም። የሠራተኛዋ የአበባ ነው። ሄርሜላ ሞግዚትም፣ ምግብ አብሳይም፣ ሾፌርም ነበራት፣ ቤቷ ገብቼ አይቻለሁ። የአበባ ልጅ ወልድያ ነው ያለው። የእኔ ልጅ ደብረ ብርሃን ናት። የማልረሳው ይኼንን ነው።»

መጀመሪያ የመጣው ስድብ ነው። አንዷ «ቅናት!» አለች። ሌላዋ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ፣ እናትን ያህል ሰው?» አለች። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ደንበኛዬ ገብታ ተቀመጠች፣ ጸጉሯን ማጠብ ጀመርኩ፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ አንድ ጊዜ ነዘረ። ዱባይ፣ ናይፍ የምትኖር፣ ግሩፑ ላይ ጽፋ የማታውቅ ሴት ናት። «የእኔ ልጅ ደሴ ነው» ብላለች።

ቀጥሎ ሌላ መጣ። «የእኔ ደብረ ታቦር። የለጠፍኩት ፎቶ የአምናው ነው።»

«ኮተቤ፣ እህቴ ጋ።»

«ሁለቱም ሐዋሳ ናቸው።»

«የእኔ ባሕር ዳር። አታውቀኝም።»

እጄ አረፋ እንደሆነ ቆሜ አነበብኩ። ደንበኛዬ «ያላ፣ ውሃው ቀዘቀዘብኝ» ብትለኝም አልሰማኋትም። የከተማ ስም በከተማ ስም ላይ ይደረደራል። ሁላችንም እዚያ ግሩፕ ውስጥ ልጅ አቅፈን የተቀመጥን መስለን፣ ክንዳችን ባዶ ነበር። ከብዙዎቹ በኋላ ፌቨን ጻፈች። ጠንካራ እናት ልጇን አትሰጥም ያለችኝ ፌቨን፣ እሑድ እሑድ ፎቶ የምትለጥፈው። «የእኔም ጎንደር ናት» አለች። ወዲያው ግሩፑ ተዘጋ። ከአስተዳዳሪዋ በቀር ማንም መጻፍ አይችልም የሚል ምልክት መጣ። ከሲንጋፖር የዘጋችው ሄርሜላ ናት።

ማታ ለብቻዬ ጻፈችልኝ። «ስንዱዬ፣ ልቤን ሰብረሽዋል። ሰው እንዳይከፋው ብዬ እንደሆነ እያወቅሽ። ግን ይቅር ብዬሻለሁ፣ ውዴ።»

አልመለስኩላትም። ደብረ ብርሃን ደወልኩ። እናቴ አነሳችው፤ ከኋላ ቢቲ ዶሮ ታባርር ይሁን ሰው ታሳድድ፣ እየሳቀች ትሮጣለች።

«ቢቲን አቅርቢልኝ» አልኳት።

«ተኝታለች፣ የእኔ ልጅ።»

«እማዬ፣ ሳቋ ይሰማኛል። እንዳይከፋኝ ብለሽ አትዋሺኝ።»

 እናቴ ስልኩን ከአፏ አርቃ «ነይ፣ እናትሽ ናት» ስትል ሰማኋት። የሩጫው ድምፅ ቆመ። ከዚያ በር ሲዘጋ ተሰማኝ፤ እናቴም ተመለሰች።

«አልመጣም አለች» አለችኝ። «እናትሽ ናት ስላት ነው የምትደበቀው። ከመጣች ጀምሮ እንዲሁ ናት።»

ሄርሜላ፣ ይኼንንም ቪዲዮሽ ውስጥ አስገቢው።